የአቃቂው መርከበኛ

አባቴ ሆላንድ ተወልዶ፣ አቃቂ አድጎ፣ ዕድሜውን ባሕር ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ይህን ለማያውቀው ሰው ስናገር ከሦስቱ አንዱን ያመነ ሁለቱን አያምነኝም። ሙሉአለም ወልደሰንበት የሚለውን ስሜን ይዘው ቤት የሚመጡ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ በሩን የሚከፍትላቸው ረጅም፣ ዓይኑ ሰማያዊ፣ ጸጉሩ ጭድ የመሰለ ሽማግሌ ሲሆን ቤት የተሳሳቱ ይመስላቸዋል። እሱ ደግሞ "ምን ትገተራላችሁ? ግቡ እንጂ፣ ዝናብ ነው" ሲላቸው የባሰውን ግራ ይገባቸዋል።

ሲወለድ የወጣለት ስም ዊለም ነው። አባቱ ያፕ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር። በ1950 ዓ.ም. አንድ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀጠረውና ሚስቱን ኮርኔሊያንና የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። የተሰጣቸው ቤት ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነበር። አባቴ አማርኛውን ከባቡር ሠራተኞች ልጆች፣ ኦሮምኛውን ወተት ከሚያመጡላቸው ከነቃልቤሳ ቤት ለመደ። ከመጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እናቱ በሆላንድኛ ስትጠራው "አቤት" እያለ ይመልስላት ጀመር።

በ1959 ያፕ በሳንባ በሽታ ሞተ። ኮርኔሊያ ዓመት ጠብቃ የቤት ዕቃዋን ሸጠች፤ ሁለት ትኬት ቆረጠችና ልጇን ይዛ በባቡር ጅቡቲ ወረደች። አባቴ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። የሚሳፈሩበት መርከብ እስኪነሣ ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረባቸው።

በመጀመሪያው ቀን ወደቡ ላይ ሲዞር የኢትዮጵያ ባንዲራ የሰቀለ የጭነት መርከብ አየ። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቅም ነበር። ከመርከቡ ላይ አንድ ነጭ መኮንን በእንግሊዝኛ ይጮኻል፤ ከታች ገመድ የያዙት ሐበሾች ምን እንደሚል አልገባቸውም። ሰውዬው ሲብስበት በሆላንድኛ ይሳደብ ጀመር። ይሄኔ አባቴ ምን እንደፈለገ ገባው። ከሠራተኞቹ አንዱ እጁን ገመዱና የብረት ምሰሶው መሃል አስገብቷል።

"እጅህን አውጣ! ገመዱን ልቀቀው ነው የሚልህ!" ብሎ በአማርኛ ጮኸ።

ሰውዬው እጁን ሲያወጣና ገመዱ ሲወጠር አንድ ሆነ። ለቅጽበት ቢዘገይ ኖሮ እጁ አይተርፍም ነበር።

መኮንኑ ቁልቁል አየውና በሆላንድኛ "አንተ ማነህ?" አለው።

"የአቃቂ ልጅ ነኝ" አለ አባቴ።

በዚያው ዕለት ሥራ ተሰጠው። ለእናቱ ሲነግራት በጥፊ መታችው። ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ የባሏን የሱፍ ሹራብ አወጣችና "ባሕር ይበርዳል" ብላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። በማግስቱ እሷ በአንዱ መርከብ፣ እሱ በሌላው፣ ከአንድ ወደብ ተነሡ።

እንዲህ ብሎ የጀመረው ሥራ አርባ ሁለት ዓመት ቆየ። ወለል አጣቢ ሆኖ ገባ፣ መሪ ጨባጭ ሆነ፣ በመጨረሻ ቦሱን ተባለ። ቦሱን የመርከበኞች አለቃ ነው፤ ገመዱ፣ መልሕቁ፣ ቀለሙ፣ ሰዉ፣ ሁሉም በሱ እጅ ነው። የመኮንንነት ትምህርት ሁለት ጊዜ ቢያቀርቡለት ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለ። "መኮንን ወረቀት ይፈርማል። እኔ እጄ ሥራ ካልያዘ ያመኛል" ይል ነበር።

እናቴን ወርቅውሃን ያገኛት ለዕረፍት አቃቂ ሲመጣ ነው፤ አባቱ ይሠራበት በነበረው ፋብሪካ ክር ፈታይ ነበረች። አባቷ ክርስትና ካልተነሣ አልሰጥም አሉ፤ ተነሣ። ዊለም የሚለው ስም ለአፋቸው ያስቸገራቸው ቄስ ቢያንስ በ"ወ" ይጀምር ብለው ወልደሰንበት አሉት። በዚያው ዓመት ዜግነቱንም ለወጠ።

እናቱን እንደገና ያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1969 መርከቡ ሮተርዳም ገባ። የሀገራችን ነገር ያን ጊዜ የሚታወቅ ነው፤ አብረውት ከነበሩት ሦስት ሰዎች እዚያው ወርደው ቀሩ። ኮርኔሊያ ወደቡ ድረስ መጣች። ክፍል አዘጋጅታለታለች፣ ሥራም አፈላልጋለታለች። አባቴ ሲያወራው "ሆላንድኛዬ ዝጎ ነበር፤ የምፈልገውን ቃል እያጣሁ በግማሽ አፍ አዋራኋት" ይላል።

"ያ አገር የሚሆነውን እያየህ ትመለሳለህ?" አለችው።

"ሚስቴ እዚያ ናት፣ እማዬ። ቤቴም እዚያ ነው።"

"እኔስ?"

አቀፋት፣ መርከቡ ላይ ወጣ። በአራተኛው ዓመት መሞቷን በደብዳቤ ሰማ።

እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ እንግዳ ነበር። በዓመት አንዴ፣ ሲበዛ ለአርባ ቀን ይመጣል፤ የማላውቀው ሳሙና ይሸታል፣ ሻንጣው በስጦታ ይሞላል፣ ከዚያ ይሄዳል። ትምህርት ቤት "አባትሽ ምን ይሠራል?" ሲሉኝ "መርከበኛ ነው" እላለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ አቃቂ ውስጥ መርከብ ማን አየ? እናቴ በ1995 ስትሞት እሱ ወደ ሲንጋፖር በሚሄድ መርከብ ላይ ነበር። ሳንቀብራት አልደረሰም። አርባዋም ካለፈ በኋላ መጣ። በሩ ላይ ሳየው ሻንጣውን ተቀበልኩት እንጂ አላለቀስኩም። ከዚያ በኋላ በመሃላችን ክፉ ቃል አልተነገረም፤ ደግ ቃልም ብዙ አልነበረም።

ጡረታ ሲወጣ የሥራ ጓደኞቹ ምን እንስጥህ ቢሉት ገመድ አለ። ሌላው ሰው የወርቅ ቅብ ሰዓት እጁ ላይ አስሮ ሲመጣ እሱ ሁለት ጆንያ ሙሉ የመርከብ ገመድ በታክሲ አስጭኖ መጣ። ዕቃ ቤታችንን አጣቦ አሥራ አራት ዓመት ተቀመጠ። እኔ ቃሊቲ ደረቅ ወደብ ኮንቴነር መዝጋቢ ነኝ፤ ከባሕር የመጣ ዕቃ ስቆጥር ውዬ ቤቴ ስገባ ደግሞ ገመድ እረግጣለሁ። ጣለው ብዬ ብነግረው አይጥለውም። በየስድስት ወሩ አውጥቶ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምረዋል፣ መልሶ ይጠቀልለዋል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ምሳ በልተን ቁጭ ብለናል። ከላይ፣ ከተማው ውስጥ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ውሏል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አባቴ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና ጆሮውን አቀና።

"ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ነው" አለ።

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታችን የወይዘሮ አስካለች ጩኸት ተሰማ። ወጣን።

ከሰፈራችን በታች የአቃቂን ወንዝ የሚያቋርጥ ዝቅ ያለ የሲሚንቶ መሻገሪያ አለ። በበጋ መኪና ያልፍበታል፤ በክረምት የሰፈሩ ሰው አይደፍረውም። ያን ቀን ከቂሊንጦ ፋብሪካዎች ፈረቃ የጨረሱ ሴቶችን የጫነ ቅጥቅጥ፣ ዋናው መንገድ በውሃ ሲዘጋበት በዚያ ላቋርጥ ብሎ ገባ። መሃል ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ። እኛ ስንደርስ ውሃው የበሩን ግማሽ ውጧል። ሴቶቹ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ይጮኻሉ፤ ሾፌሩ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጃኬቱን ያውለበልባል። ከዳሩ እስከ መኪናው ሃያ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን በዚያ ሃያ ሜትር ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ግንድ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው።

ዳሩ ላይ ስልሳ ሰው ተሰብስቧል። ግማሹ እግዚኦ ይላል፣ ግማሹ በስልኩ ይቀርጻል። ባለ ጋራዡ ጌዲዮን ሸሚዙን አውልቆ ሊገባ ሲል ሁለት ሰዎች ይዘውታል።

"አደጋ መከላከል ደውለናል" አለኝ አንዱ። "መንገዱ ሁሉ ውሃ ስለሆነ ዞረን ነው የምንመጣው ብለዋል።"

አባቴ ወንዙን አየ፣ መኪናውን አየ። ዳር ላይ የቆመውን ትልቅ ባሕር ዛፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ በትከሻውም ገፋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ዕቃ ቤት ያለውን ገመድ በሙሉ አስመጪ፤ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ቀጭኑንም። ጌዲዮን! አንተ ሞተር የምታወርድበትን ካሩኮላ ይዘህ ና።"

"ጋሽ ወልዴ፣ ካሩኮላ ምን ሊያደርግልን?"

"አምጣ!"

አባቴ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ያን ቀን የወጣው ድምፅ ግን ወንዙን ተሻግሮ ማዶ የቆሙትን ሰዎች ቀና አደረጋቸው። ማዕበልን አሸንፎ መሰማት የለመደ ድምፅ ነበር። ጌዲዮን ሸሚዙን ሳይለብስ ሮጠ።

የቀጭኑ ገመድ ጫፍ ላይ የሰው ጡጫ የሚያህል ቋጠሮ አለ፤ ውስጡ ከባድ ብረት ተደብቋል። አባቴ ገመዱን በግራ እጁ ዘርዝሮ ያዘና ቋጠሮውን አወዛውዞ ወረወረው። ሳይደርስ ውሃው ወሰደው።

"ትከሻዬ አርጅቷል" አለ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። እየጎተተ ሰበሰበው፤ ነፋሱን አይቶ ዐሥር እርምጃ ወደ ላይ ሄደና ደገመው። ገመዱ ሾፌሩ ደረት ላይ አረፈ።

"ስምህ ማነው?" ብሎ ጠየቀው።

"ሂርጳ!"

"ሂርጳ፣ አሁን በቀጭኑ ወፍራሙን ትስባለህ! በመስኮቶቹ መሃል ባለው ብረት ሦስት ጊዜ ጠምጥመውና ጫፉን ጥብቅ አድርገህ ያዝ! አትቋጥረው! ቋጠሮውን እኔ መጥቼ እሠራዋለሁ!"

"መጥቼ?" አልኩት።

የገመዱን ሌላ ጫፍ ባሕር ዛፉ ላይ ከራሱ ቁመት በላይ አዞረው። ሰዉን በሁለት ረድፍ አሰለፈና "በእኔ ድምፅ ብቻ!" አለ። "ያዝ! ሳብ! ያዝ! ሳብ!" ሲል ስልሳው ሰው እንደ አንድ ሰው ጎተተ፤ ገመዱ ከውሃው ተነሥቶ እንደ ክራር አውታር ተወጠረ፤ ያኔ አባቴ ዛፉ ላይ ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። ስልኩን ይዞ ሲቀርጽ የነበረው ሁሉ አሁን ገመድ ይዟል።

የወይዘሮ አስካለችን የአግዳሚ ወንበር ሳንቃ ጌዲዮን አራት ቦታ በሳለት። አባቴ በቀዳዳዎቹ ገመድ አሳልፎ፣ ከላይ አገናኝቶ፣ ወፍራሙ ገመድ ላይ በሚንሸራተተው ካሩኮላ አንጠለጠለው፤ እኛ ወንበሩን የምንስብበትንም ሌላ ገመድ አሰረበት። እጁ ሲሠራ ዓይኑ እጁ ላይ አልነበረም፤ መኪናውን ነበር የሚያየው። መርከበኞች በመርከቡ ጎን ተንጠልጥለው ቀለም የሚቀቡት በእንዲህ ያለ ወንበር ነው አለኝ።

ከዚያ እግሩን አንሥቶ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ።

"አባዬ፣ ሰባ ሦስት ዓመትህ ነው!"

"ገመዱ የሚጠይቀው ኪሎዬን እንጂ ዕድሜዬን አይደለም። ስልሳ አራት ኪሎ ነኝ።"

"ጌዲዮን ይሂድ!"

"ወንበሩን የሠራ ነው መጀመሪያ የሚቀመጥበት። እኔ ሳልሞክረው ሰው አስቀምጬበት አላውቅም።" ክንዴን ያዘኝ። "አሁን አዳምጪኝ። እዚህ የምታዢው አንቺ ነሽ። እጄን ወደ ላይ ካነሣሁ ሳቡ፤ መዳፌን ከዘረጋሁ ቁሙ፤ ጡጫ ካሳየሁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። እኔን እንጂ ውሃውን አትዪ። ሌላ ሰው ቢጮህ አትስሚ።"

"እሺ" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ዳሩ ከፍ ስላለ ወንበሩ ቁልቁል ተንሸራተተ። እግሩ ውሃውን ነካ አደረገው፤ ከዚያ የመኪናውን መስኮት ይዞ እንደ ድመት ወደ ውስጥ ገባ። ሂርጳ የያዘውን ጫፍ ተቀብሎ በሁለት እንቅስቃሴ አሰረው። ከዚያ እጁ በመስኮት ወጥቶ ወደ ላይ ተነሣ።

"ሳብ!" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። ሁለተኛ ደገምኩት፤ ያን ጊዜ የአባቴን ድምፅ መሰለ።

የመጀመሪያዋ ሴት መጣች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ሳንቃውን የያዙ ጣቶቿን እኛ ነን አንድ በአንድ ያላቀቅንላት። ወይዘሮ አስካለች በነጠላዋ ጠቀለለቻት። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ... አሥራ ሰባት ሴቶች ነበሩ። ከአምስተኛዋ በኋላ ማልቀስም መጮህም ከዳሩ ላይ ጠፋ። ያዝ፣ ሳብ፣ ተቀበል፣ መልስ ብቻ ሆነ። ሰው ሥራ ሲያገኝ ፍርሃት ይረሳል።

አሥራ አራተኛዋን ስንቀበል መኪናው ተንቀሳቀሰ። የኋላው ክፍል ወደ ታች ዞረ፤ ገመዱ ጮኸ፣ ባሕር ዛፉም ሲጥ አለ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ለቀው ሮጡ።

"ማንም እንዳይለቅ!" አልኩ። የአባቴን መስኮት አየሁ። መዳፉ ተዘርግቷል፤ ቁሙ። ቆምን። መኪናው አንድ ክንድ ያህል ተንሸራቶ ድንጋይ ላይ አረፈ። መዳፉ እንደተዘረጋ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። እዚያ የብረት ሣጥን ውስጥ ውሃው ወገቡ ደርሶ እጁ እንደዚያ መርጋቱን ሳይ፣ በእኔ ውስጥም የሆነ ነገር ረጋ።

ውስጥ ከቀሩት ሦስት ሴቶች አንዷ ቢፍቱ የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች። መጀመሪያ ሊልካት የፈለገው እሷን ነበር፤ ነገር ግን እግሯ አልታዘዝ ብሏት ከወንበሯ ብረት ጋር ተጣብቃ ቀረች። የተነጋገሩትን በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ።

"መኪናው ሲዞር አበቃልኝ አልኩ። እሳቸው አጠገቤ ቁጭ አሉ፣ ልክ ታክሲ ውስጥ እንዳለን። በኦሮምኛ ስንት ወርሽ ነው አሉኝ። ሰባት አልኩ። 'ሰባት ወር ሙሉ ውሃ ውስጥ የኖረው እሱ ሳይፈራ አንቺ ምን ያስፈራሻል?' አሉኝ። በዚያ ሰዓት ሳቄ መጣ። ስስቅ እጄ ብረቱን ለቀቀ።"

ቢፍቱ መጣች። የቀሩት ሁለቱም ተከታትለው መጡ። መኪናው ውስጥ አባቴና ሂርጳ ብቻ ቀሩ። ወንበሩን መልሰን ሰደድን፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ከሩቅ ሲከራከሩ ይታያሉ። ሂርጳ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። አባቴ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሂርጳም መለሰ፤ ከዚያ አባቴ መኪናው ውስጥ የቀረውን ቀጭን ገመድ አንድ ጫፍ የሂርጳ ብብት ሥር አሰረው። አስሮ ሲጨርስ ትከሻውን መታ አደረገውና ሌላውን ጫፍ ይዞ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ዳር ላይ ስንቀበለው የመጀመሪያ ቃሉ "ቀጭኑን ገመድ ለዐሥር ሰው ስጪ፣ ቶሎ" ነበር።

"ለምን እሱን አላስቀደምከውም?" አልኩት።

"መኪናው የኔ ነው፣ ያስገባኋቸውም እኔ ነኝ፣ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ አለኝ። እውነቱን ነው። ይሄን መብት ከሰው አትወስጂበትም። ገመድ ግን ታስሪለታለሽ።"

ወንበሩን ሰደድን። ሂርጳ ተቀመጠ። ግማሽ መንገድ እንደደረሰ መኪናው ከድንጋዩ ላይ ተነሣና በጎኑ ተገለበጠ። የታሰረበት ብረት ተነቀለ፣ ወፍራሙ ገመድ ረገበ፤ ሂርጳ ከነወንበሩ ውሃው ውስጥ ገባ። ቡናማው ውሃ ሸፈነው።

"ሳብ!" አልን፣ አባቴና እኔ በአንድ አፍ።

ዐሥሩ ሰው ስልሳ ሆነ። እየጎተትን ወደ ኋላ ሮጥን። ውሃው እየወሰደው፣ ገመዱ እያመጣው፣ ከዛፉ ሠላሳ ሜትር ዝቅ ብሎ ዳር ወጣ። አባቴ በጎኑ አስተኛው፤ ጀርባውን ሲመታው ውሃ ተፋ፣ አሳለው፣ ከዚያ ዓይኑን ገለጠ።

"መኪናዬስ?" አለ።

"ሄዷል" አለው አባቴ። "ትልቅ ነገር አይደለም። ትንፋሽህን ሰብስብ።"

ሂርጳ ሁለት ጎድኑ ተሰብሯል፤ ሌላው ሁሉ በሰላም ወጣ። የአደጋ ሠራተኞቹ ተራራ ለተራራ ዞረው ሲደርሱ ተጎጂዎቹን ተረክበው ሐኪም ቤት ወሰዱ። አለቃቸው ዛፉ ላይ የቀረውን ቋጠሮ ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው።

አባቴ ቤት ገብቶ ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኛ። እሑድ ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። መዳፉ ተልጧል። ቫዝሊን አመጣሁና አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ያዝኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን እጅ ይዤ የማውቅ አይመስለኝም።

"ሥራህ ይሄ ነበር?" አልኩት።

"ይሄ አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛው ቀለም መቀባት ነው።"

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ሳልጠይቀው፣ "እናትሽ ስታርፍ በሦስተኛው ቀን ነው በሬዲዮ የነገሩኝ" አለ። "ጠዋት ነበር። ወደብ ለመድረስ አሥራ አንድ ቀን ይቀረናል። ካፒቴኑ ሥራ አትሥራ፣ ክፍልህ ተቀመጥ አለኝ። ክፍሌ ገብቼ ግድግዳው አላስቀምጥ አለኝ። ብሩሽ ይዤ ወጣሁ። አሥራ አንድ ቀን ቀለም ቀባሁ። የመልሕቁን ማሽን፣ የመርከቡን ጎን መከለያ ብረት፣ ያልዛገውንም ሁሉ። ሰዎቹ ምግብ እያመጡ አጠገቤ ያስቀምጡልኛል፣ አንድም ሰው አላናገረኝም። ወደብ ስደርስ ደግሞ የጉዞ ወረቀትና አውሮፕላን ስጠብቅ ወር አለፈ፣ ከዚያ የሆነውን ታውቂያለሽ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"በሩን ስትከፍቺልኝ ፊትሽን አየሁት። ማመካኛ ይመስልብኛል ብዬ ተውኩት።"

ሃያ አንድ ዓመት ያልወጣው ለቅሶዬ ያን ጠዋት ወጣ። እጁ ቫዝሊን ስለነበር ሊነካኝ አልቻለም፤ በክርኑ ወደ ራሱ ሳበኝና ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አስደገፈኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረዳው የምስጋና ወረቀት አዘጋጅቶ ጠራው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ቢፍቱም ነበረች። ወረቀቱ "ለሀገራችን እንግዳ ለሆላንዳዊው አቶ ወልደሰንበት" ይላል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና በትሕትና መለሰው።

"እንግዳ የሚለውን አስተካክሉልኝ" አለ። "ስልሳ ስድስት ዓመት ቤቱ የሚቀመጥ እንግዳ የለም። ሆላንዳዊ የሚለው ይቆይ፤ እናቴን ደስ ይላታል።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ወረቀቱ ተስተካክሎ መጣ፤ አሁን ሳሎን ተሰቅሏል።

ከወረቀቱ የበለጠው ነገር ሌላ ነው። ያ የአደጋ ሠራተኞች አለቃ አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ "ያቺን ቋጠሮ ያስተምሩን" አለ። አባቴ "አንዷን ብቻ አላስተምርም" አለው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት መሻገሪያው አጠገብ ባሕር ዛፉ ሥር ትምህርት አለ። ከአደጋ መከላከል አራት ሰው፣ ጌዲዮን፣ ጎድኑ የዳነለት ሂርጳ፣ ከሰፈሩ ስድስት ሰው፣ እኔም ጭምር። ሂርጳ ሌላ መኪና ይዟል፤ በክረምት ግን በዚያ አያልፍም። ቢፍቱ ወንድ ልጅ ወልዳ ካገገመች በኋላ እሷም መጣች፤ ከሁላችንም የእሷ ቋጠሮ ይሻላል። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሁለት ጊዜ ሞላ። ሁለቱንም ጊዜ ከመጨለሙ በፊት ገመዱ ተዘርግቶ፣ ሰዉም ተሰልፎ ነበር፤ ማንም አልሞተም።

አባቴ አሁን አይወረውርም፤ ትከሻው እውነትም አርጅቷል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያርመናል። ባለፈው ቅዳሜ የዛፉን ቋጠሮ እኔ ነበርኩ የማስረው። ጨርሼ ዞር አልኩ።

"አባዬ፣ እየው እስቲ።"

ከተቀመጠበት ሳይነሣ ዓይኑን ጨፍኖ ገመዱን አንዴ ጎተት አደረገው።

"ለደረቅ ወደብ ይሆናል" አለ። "ፍቺውና እንደገና እሰሪው።"

ሰዉ ሳቀብኝ። እኔም እየሳቅሁ ፈታሁት።